ኦኬ፣ ጨው እና ዴድላይን

በዚህ እትም ሶስት የአንባቢ ጥያቄ ብቻ ነው የያዝኩት፣ ሶስቱም በየቀኑ አፋችን ላይ ስላሉ የእንግሊዝኛ ቃሎች ናቸው። የመጀመሪያው ብዙ ቦታ ወስዷል፣ ላሳጥረው ብዬ ሞክሬ ነበር ግን ጉዳዩ ክፍል ውስጥ ያሉ ልጆችን የሚመለከት ስለሆነ አላስችል አለኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። በቀደም ተማሪዎቼ ቲክቶክ ላይ ያዩትን ይዘው መጡና «ቲቸር፣ ኦኬ ማለት እኮ ዜሮ ኪልድ ማለት ነው፣ ወታደሮች ከውጊያ ሲመለሱ የሞተ ከሌለ ሰሌዳ ላይ ዜሮ ይጽፉና አጠገቡ ኬ ያደርጉበት ነበር» አሉኝ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ግን እኔን አላሳመነኝም፣ የምመልስላቸው ደሞ አጣሁ። እውነቱ ምንድን ነው? ደሞስ ኦኬ እና የኛ እሺ አንድ ናቸው?

መልስ፦ መምህር፣ አለማመንዎ ልክ ነው። ታሪኩ ውሸት ነው፣ ውሸት መሆኑን ለማወቅም ዓመቱን ማየት ብቻ ይበቃል። ዜሮ ኪልድ የሚሉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው፣ እሱ የተካሄደው ከ1861 እስከ 1865 ነው። ኦኬ የሚለው ቃል ግን ጋዜጣ ላይ ታትሞ የወጣው በ1839 ነው፣ ጦርነቱ ሊጀመር ገና 22 ዓመት ሲቀረው። በቃ፣ ለተማሪዎችዎ ይሄንን ብቻ ቢነግሯቸው ነገሩ ያልቃል፣ ግን የእውነተኛው ታሪክ ደሞ ከዚህ ይበልጣልና ሙሉውን ላውራዎት።

ቀኑ ሳይቀር ይታወቃል፣ ማርች 23 ቀን 1839፣ ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት የሚባል ጋዜጣ ላይ ነው፣ ኢዲተሩ ቻርልስ ጎርደን ግሪን ይባል ነበር። ጽሑፉ ትልቅ ቁም ነገር የያዘ አይደለም፣ የፕሮቪደንስ ከተማን ጋዜጣ ለመተንኮስ የተጻፈ የጨዋታ ወሬ ነው። መሃሉ ላይ ኦ ነጥብ ኬ ነጥብ ይላል፣ ወዲያው አጠገቡ «ኦል ኮሬክት» ብሎ ይፈታዋል፣ ሁሉም ትክክል ነው ማለት ነው።

እዚህ ጋ ጎበዝ ተማሪ ካለዎት እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ኦል እኮ በኤ ነው የሚጀምረው፣ ኮሬክት ደሞ በሲ፣ ታዲያ ኦ እና ኬ ከየት መጡ?» ይልዎታል። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። በዛ ሰሞን የቦስተንና የኒውዮርክ ጋዜጠኞች አንድ ፋሽን ይዟቸው ነበር፣ ቃላትን በመጀመሪያ ፊደላቸው ብቻ ማሳጠር፣ ያውም ዝም ብሎ ማሳጠር ሳይሆን ሆን ብሎ ስፔሊንጉን አበላሽቶ ማሳጠር፣ ዛሬ ልጆች ቴሌግራም ላይ ሲጻጻፉ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ኦል ራይት የሚለውን አንዳንዶቹ በኦ እና በደብልዩ ያሳጥሩት ነበር፣ ልክ እንዳልተማረ ሰው ጽፈውት። ኦኬም የዚሁ ዘመድ ነው፣ ኦልን በኦ ኮሬክትን በኬ ጀምረው። ስለዚህ ቀልዱ ምኑ ላይ ነው ቢሉ፣ «ሁሉም ትክክል ነው» ብሎ የሚናገረው ቃል ውስጥ አንድም ፊደል ትክክል አይደለም። እኔ ይሄን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን በጣም ነበር የገረመኝ፣ ዓለም ሁሉ በቀን ስንት ጊዜ የሚጠራው ቃል ከአንድ ከተማ የጋዜጠኞች ጨዋታ ነው የመጣው።

ግን ያኔ ከወጡት ምህጻሮች አብዛኞቹ በዓመት በሁለት ዓመት ሞተዋል፣ ኦኬ ለምን ቀረ? ያተረፈው ምርጫ ነው። በ1840 ፕሬዝዳንት ማርቲን ቫን ቡረን ለሁለተኛ ጊዜ ለመመረጥ ይወዳደር ነበር፣ ሰውዬው የተወለደው ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ኪንደርሁክ የምትባል ትንሽ ቦታ ነው፣ ስለዚህ ደጋፊዎቹ «ኦልድ ኪንደርሁክ» ይሉታል፣ ሽማግሌው የኪንደርሁክ ሰው እንደማለት፣ የሱም ምህጻር ኦ እና ኬ ሆኖ ተገኘ። ደጋፊዎቹ ኦኬ ክለብ የሚባል አቋቁመው በዛ ስም ይሰበሰቡ ጀመር። ተቃዋሚዎቹም ዝም አላሉም፣ ከሱ በፊት ፕሬዝዳንት የነበረው አንድሩ ጃክሰን መጻፍ ስለማይችል ኦል ኮሬክትን በኦ እና በኬ እየጻፈ ወረቀት ያጸድቅ ነበር የሚል ወሬ አሰራጩ። ያ ወሬ ፈጠራ ነው፣ ግን ቃሉን ይበልጥ አጋነነው። ቫን ቡረን በዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ተሸንፎ ቤቱ ገባ፣ ኦኬን ግን በዚያ ዓመት ያልሰማ አሜሪካዊ አልቀረም። ትንሽ ቆይቶ በ1844 በዋሽንግተንና በባልቲሞር መሃል የሞርስ ቴሌግራፍ ተዘረጋ፣ የቴሌግራፍ ሰራተኞች ደሞ «መልዕክትህ ደርሶኛል፣ ደህና ነው» የሚል አጭር ነገር ይፈልጉ ስለነበር ኦኬን ያዙት፣ በባቡርና በሽቦ አገር ለአገር ሄደ።

ይሄንን ሁሉ ቆፍሮ ያወጣው አለን ዎከር ሪድ የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው። የድሮ ጋዜጦችን እያገላበጠ ምሳሌዎቹን ቀን በቀን ደርድሮ በ1963 እና በ1964 አሳተመው። ከሱ በፊት ሰው የፈለገውን ነበር የሚያወራው። ቾክቶ በሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ውስጥ «እንደዛ ነው» ለማለት ኦኬህ የሚል ድምጽ አለ ተብሎ ፕሬዝዳንት ዉድሮው ዊልሰን ራሱ ያንን አምኖ ሰነድ ሲያጸድቅ «ኦኬህ» ብሎ ይጽፍ ነበር። ግሪኮች ኦላ ካላ ከሚለው ነው ይላሉ፣ ሁሉም መልካም ማለት ነው። ስኮትላንዶች ኦኽ አይ ከሚለው ነው ይላሉ። የወሎፍ ቋንቋ የሚያውቁ ደሞ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ከተወሰዱ ሰዎች አፍ ነው የመጣው ብለዋል። እነዚህ ሁሉ በድምጽ ይመሳሰላሉ፣ ግን ድምጽ መመሳሰል ዝምድና አይደለም፣ አማርኛ ውስጥም ከሌላ ቋንቋ ቃል ጋ የሚገጥም ስንት ቃል አለ እኮ። የሪድን የሚለየው በቀን የተያዘ የተጻፈ ማስረጃ ማቅረቡ ነው። ለተማሪዎችዎ ከኦኬ በላይ ቢያስተምሯቸው ደስ የሚለኝ ይሄንን ነው፣ አንድ ሰው የቃል ታሪክ ሲነግራቸው «መጀመሪያ የተጻፈው መቼ ነው?» ብለው እንዲጠይቁ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፣ ኦኬ እና እሺ። አንድ አይደሉም፣ የሚገናኙበት ቦታ ግን ሰፊ ነው። ሰው ሲያዝዎት ወይ ሲለምንዎት የሚመልሱት ኦኬ በደንብ እሺ ነው። እሺ ግን ሁሌም ለሆነ ሰው ነው የሚመለሰው፣ ነገርን አይገልጽም፣ «ምግቡ እሺ ነው» አይባልም። ኦኬ ግን ነገርን ይገልጻል፣ ሲገልጽ ደሞ ሙገሳ አይደለም፣ ፈረንጅ «ምግቡ ኦኬ ነበር» ካለ «ምንም አይልም፣ ይበላል» ማለቱ ነው፣ ያበሰለው ሰው ቢሰማው ደስ አይለውም። ተማሪዎችዎ ድርሰት ላይ «የእናቴ ምግብ ኦኬ ነው» ብለው ከጻፉ ያርሙላቸው፣ እናትየዋ አይገባትም።

ሌላ ደሞ አለ፣ ይሄኛው አሜሪካ ያሉ ሀበሻ ቤቶች ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ነው። ፈረንጅ እንግዳ ይመጣል፣ እናት እንጀራ ትጨምርለታለች፣ እሱ «አይ አም ኦኬ» ይላል። እሷ ኦኬ የሚለውን ስትሰማ እሺ ያላት ይመስላታል፣ ትጨምራለች። እሱ ግን ያለው «ይበቃኛል፣ አመሰግናለሁ» ነው። ትንሽ ቆይታ «በሞቴ» ትላለች፣ እሱ «ኖ፣ አይ አም ኦኬ» ይላል፣ እንደገና ትጨምራለች። ስለዚህ ሰው የሆነ ነገር ሲያቀርቡለት አይ አም ኦኬ ካለ አልፈልግም ነው፣ ሲያዝዙት ኦኬ ካለ ግን እሺ ነው። ይሄን ልዩነት መጽሐፍ ላይ ብዙም አያገኙትም፣ ልጆቹ ግን ውጭ የሄዱ ቀን ከምንም በላይ ይሄ ነው የሚያስፈልጋቸው።

ጥያቄ፦ እህቴ ሰላም ነሽ? ከዱባይ ነው የምጽፍልሽ፣ ሆቴል ውስጥ ነው የምሰራው። ሱፐርቫይዘራችን ስብሰባ ላይ ስለኔ ሲናገር «ሺ ኢዝ ወርዝ ኸር ሶልት» አለ። ሰዉ ሲያጨበጭብ እኔ ግራ ገባኝ፣ ጨው እኮ ሱቅ ውስጥ ከሁሉም የሚረክስ ነገር ነው፣ ታዲያ ዋጋዬ የጨው ነው ማለቱ ነው? ጓደኛዬን ስጠይቃት የሮማ ወታደሮች ደሞዛቸው ጨው ስለነበረ ነው፣ ሳላሪ የሚለው ቃል ራሱ ከዛ ነው የመጣው አለችኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ የኔ እህት፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ፣ አመስግኖሽ ነው። ለሚከፈልሽ ደሞዝ የሚመጥን ስራ ትሰሪያለሽ፣ በስራሽ ብቁ ነሽ ማለቱ ነው። አጠቃቀሙ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው፣ «ጨውን የሚያክል ሼፍ ሁሉ ይሄንን ያውቃል» ይላሉ፣ እኛ «ሼፍ ነኝ የሚል ሰው ይሄንን ማወቅ አለበት» እንደምንለው። በስብሰባ ፊት ስለተባለልሽ ደሞ ቀላል ነገር አይደለም፣ የደሞዝ ጭማሪ ስትጠይቂ አስታውሺው።

ጓደኛሽ የነገረችሽ ግማሹ እውነት ግማሹ ግምት ነው። እውነቱ፣ ሳላሪ የመጣው ሳላሪየም ከሚል የላቲን ቃል ነው፣ እሱም ክፍያ ወይም አበል ማለት ነው፣ ውስጡ ደሞ ሳል አለ፣ በላቲን ጨው። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ሳላሪየም ስሙን ያገኘው ከጨው እንደሆነ ጽፏል። ግምቱ ምኑ ነው ካልሽኝ፣ «ወታደሮቹ ደሞዛቸውን በጨው ይቀበሉ ነበር» የሚለው ነው። ይሄን የሚል የጥንት ጽሑፍ የለም። የሮማ ወታደር ደሞዝ ስቲፔንዲየም ይባል ነበር፣ የሚከፈለውም በሳንቲም ነበር። ጨው መግዣ አበል ነው የሚሉ አሉ፣ ጨው ለሚያመላልሱ የሚሰጥ ነው የሚሉም አሉ፣ ሁሉም ከቃሉ ተነስተው የገመቱት ነው። ወርዝ ሶልት የሚለው የእንግሊዝኛ አባባል ደሞ እየተጻፈ መታየት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ የምዕራብ ሮማ መንግስት ከወደቀ ከ1300 ዓመት በላይ አልፎ። ስለዚህ ሮማዊ ወታደር አልተናገረውም። እንግሊዞች የሰው ጨው በላ ሲሉ እንጀራውን በላ ማለታቸው ነበር፣ ከዛ ነው «የበላውን ጨው የሚያክል ስራ ይሰራል ወይ» የሚለው የሚመጣው።

እኔ ይሄንን የሮማ ወታደር ወሬ ተማሪ ቤት ሰምቼ ብዙ ዓመት እውነት ነው ብዬ ይዤው ነበር። የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ያላየነውን የሮማን ጨው ስናወራ ጨው በርግጥም ገንዘብ ሆኖ የኖረበትን የራሳችንን አገር ረሳነው። አሞሌ የምንለው እኮ ገንዘብ ነበር። ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ ከዳሎል አካባቢ በመጥረቢያ እየተፈለጠ፣ በልክ እየተጠረበ፣ በግመልና በበቅሎ ዳገቱን ወጥቶ ወደ ትግራይ፣ ከዛ ወደ ጎንደር፣ ወደ ሸዋ፣ ወደ ጎጃም ይሄድ ነበር። ገበያ ላይ ዶሮም ጨርቅም የሚገዛው በአሞሌ ነው፣ የማሪያ ትሬዛ ብር ከመጣ በኋላ እንኳን አሞሌ እንደ ዝርዝር ሆኖ አብሮት ሲሰራ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ደርሷል። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፣ ምክንያቱም መንገዱ ረጅም ነው፣ ጉምሩኩ ብዙ ነው፣ ጨዉም ይሰበራል፣ በዝናብ ይሟሟል። በ1520ዎቹ ኢትዮጵያን ያየው ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ ይሄዳል ብሎ ጽፏል። ከሱም በፊት በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ የአክሱም ነጋዴዎች ጨውና ብረት እንዲሁም በሬ ይዘው ሄደው በወርቅ እንደሚለውጡ መዝግቧል። ይሄ ግምት አይደለም፣ የተጻፈ ነው። ጓደኛሽ ደሞዝ በጨው ስትልሽ «የኛን ልንገርሽ» በያት።

አባባሉን በአማርኛ እንዴት ልበለው ካልሽ፣ ቃል በቃል ብትተረጉሚው ማንም አይረዳሽም። ግን የኛም ጨው ይናገራል፣ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። ሀሳቡ በጣም ይቀራረባል፣ ስምህን የሚመጥን ስራ ስራ ነው። ልዩነቱ፣ በእንግሊዝኛው ጨው የሚከፈልሽ ነው፣ በአማርኛው ጨዉ ራስሽ ነሽ። የኛ ይበልጣል እላለሁ፣ ሰውዬውን እንደ ተቀጣሪ ብቻ አያየውም። አንቺ ያለሽበት አገር ደሞ ዓረቦቹ «በመካከላችን ዳቦና ጨው አለ» ሲሉ ሳትሰሚ አትቀሪም፣ አብረን በልተናል፣ መካካድ የለም ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ሶልት ኦፍ ዘ ኧርዝ የሚል ሌላ አባባል ብትሰሚ ከዚህ ጋ እንዳታምታቺው። እሱ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 13 «እናንተ የምድር ጨው ናችሁ» ከሚለው በቀጥታ የተወሰደ ነው፣ በእንግሊዝኛ ዛሬ የሚባለው ቅን፣ ትሁት፣ የሚታመን ሰው ለማለት ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ክፍል ነው የምሰራው። ቀኑን ሙሉ ዴድላይን ዴድላይን ሲባል ነው የሚውለው። ዴድ ማለት የሞተ ነው አይደል፣ መስመሩ ምን ሆኖ ሞተ? የስራ ባልደረባዬ ከእስር ቤት የመጣ ነው አለችኝ፣ የፈጠራ ወሬ ይሆን? እውነት ከሆነስ ቃሉን ልተወው ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄኛው አሳዛኙ ነገር እውነት መሆኑ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ አንደርሰንቪል የሚባል የደቡቦቹ የጦር ምርኮኞች ካምፕ ነበር፣ በ1864 መጀመሪያ ነው የተከፈተው። ከትልቁ የግንድ አጥር ወደ ውስጥ 6 ሜትር ገደማ ገባ ብሎ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር ነበረ፣ ዴድ ላይን የሚሉት እሱን ነው። እሱን ያለፈን፣ አንዳንዴም የነካውን፣ ማማ ላይ ያለው ዘበኛ ሳያስጠነቅቅ ይተኩሳል። ስለዚህ መስመሩ አልሞተም፣ የሚሞተው የሚሻገረው ሰው ነው። እዛ ካምፕ 45,000 ያህል ምርኮኞች አልፈዋል፣ ወደ 13,000 የሚሆኑት እዛው ሞተዋል፣ አብዛኞቹ በጥይት አይደለም፣ በረሃብ፣ በተቅማጥና በቪታሚን እጥረት በሽታ ነው። የካምፑ አዛዥ ሄንሪ ዊርዝ ከጦርነቱ በኋላ ተከሶ ኖቬምበር 10 ቀን 1865 ዋሽንግተን ውስጥ ተሰቀለ፣ ዴድ ላይን የሚለው ቃልም በዛ ፍርድ ሂደት ጋዜጣ ላይ ተደጋግሞ ወጣ።

ከዛ ማተሚያ ቤቶች ያዙት፣ ማሽኑ ላይ ከተሰመረ መስመር ውጪ የተቀመጠ ፊደል አይታተምም ነበርና ያንን መስመር በዚሁ ስም ጠሩት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ አስርት ዓመታት ደሞ የአሜሪካ ጋዜጠኞች ጽሑፍ ማስረከቢያ የመጨረሻውን ሰዓት ዴድላይን ማለት ጀመሩ፣ ከነሱ ወደ ቢሮው ሁሉ መጣ፣ አሁን አንተ ጋ ደርሷል።

ልተወው ወይ ላልከው፣ ዛሬ ቃሉን ሲሰማ ሞት የሚታየው ሰው የለም፣ ብትጠቀምበት ነውር የለውም። እኔ ግን ታሪኩን ካወቅኩ ወዲህ ቀነ ገደብ ነው የምለው፣ አጭር ነው፣ ሁሉም ሰው ይረዳዋል፣ ደብዳቤ ላይም ያምራል። ለአለቃህ ስትጽፍ ደሞ ከሁለቱም ይልቅ ቀኑን ራሱን ጻፍለት፣ ሒሳብ ክፍል ውስጥ «ሰኔ 30» ከተባለ ማንም ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም።